ማርስ ስር ህይወት ለመፈለግ የትኛው ሚሽን ይሻላል? 2 ሜትር ድሪል፣ በረዶ፣ ዋሻ ወይስ ጥልቁ ውሃ

ማርስ ላይ ህይወት ካለ ወይም ድሮ ከነበረ ማስረጃው ላዩ ላይ ሳይሆን ስሩ ነው ሚገኘው፣ እዚህ ላይ ብዙም ሰው አይከራከርም። ክርክሩ እንዴት እንውረድ፣ የት እንውረድ፣ ስንት ሜትር ይበቃል ሚለው ላይ ነው፣ እና ስለነዚህ ሚሽኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቀን "ሮቦት ልከው ይቆፍራሉ" ብለን ነው ምናልፈው። አንዱ ከሌላው ግን በጣም ይለያል። ለአንድ ሚሽን ብቻ ሚበቃ ገንዘብ አለ፣ ምረጡ ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ? ተማሪም ሁኑ፣ ዜናውን ምትከታተሉም ሁኑ፣ ወይ ዝም ብሎ ጉዳዩ ሚያጓጓችሁ፣ ይሄን ጽሁፍ አንብባችሁ የራሳችሁን አቋም እንድትይዙ ነው ምፈልገው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ስንት ሜትር ወረደ ሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከሱ በፊት መጠየቅ ያለበት የወጣው ናሙና ምን ያህል ሳይበላሽ ቆይቷል፣ ከወጣ በኋላስ ምን አይነት መሳሪያ ነው ሚጠብቀው ሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ሳያቸው አንዳንዱ በጣም ሚወራለት ሚሽን ዝቅ ይላል፣ ማንም ብዙ ማያነሳው ደሞ ከፍ ይላል።

ለምን ከስር?

የማርስ የአየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ እንደ ምድር ፕላኔቱን ሙሉ ሚከልል መግነጢሳዊ መስክም የለውም። ስለዚህ ከጠፈር ሚመጣው ጨረር ከልካይ የለውም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጥቂት ሚሊ ሜትር አፈር ካገኘ ይቆማል፣ እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ የኮስሚክ ጨረር ነው፣ አለቱን አልፎ 1 ሜትር ከዛም በላይ ይገባል፣ እና ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ያለ እረፍት ሲደበድብ ትልልቆቹን ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች (ህይወት ሚገነባበት አይነት፣ ካርበን ያለባቸው) ሰባብሮ ይጨርሳቸዋል። በዛ ላይ ፐርክሎሬት ሚባል ጨው አለ፣ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፊኒክስ ሚባለው ላንደር፣ ማለትም ካረፈበት ማይንቀሳቀስ ሮቦት፣ ነው ያገኘው። በቅዝቃዜው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ስታሞቁት ግን ኦክስጅን ይለቅና አጠገቡ ያለውን ኦርጋኒክ ነገር ያቃጥላል።

ይሄ የጨው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ቫይኪንግ የተባሉትን የናሳ ላንደሮች ታሪክ ያበላሸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቫይኪንግ 1 እና 2 በ1976 አርፈው በክንዳቸው አፈር እየዛቁ ሶስት አይነት የባዮሎጂ ሙከራ ሰሩ። አንደኛው ሙከራ በሬዲዮአክቲቭ ካርበን ምልክት የተደረገበት ምግብ አፈሩ ላይ ጠብ አርጎ ጋዝ ይወጣ እንደሆነ ያያል፣ እና ጋዝ ወጣ! ሌላው መሳሪያ ግን ያንኑ አፈር አሙቆ ሲመረምር የማርስ የራሱ ነው ሚባል ኦርጋኒክ አላገኘም፣ ያገኘው ክሎሪን ያለባቸው ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ነው፣ እነሱም ከምድር አብሮ የሄደ የጽዳት ኬሚካል ቅሪት ናቸው ተብለው ታለፉ። ፐርክሎሬት ከተገኘ በኋላ በ2010 ተመራማሪዎች የአታካማ በረሃን አፈር ከፐርክሎሬት ጋር ቀላቅለው ሲያሞቁት እነዛው ክሎሪን ያለባቸው ነገሮች ወጡ። ማለትም መሳሪያው ሚፈልገውን ነገር ራሱ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ሙከራ የመራው ጊልበርት ሌቪን በ2021 እስኪሞት ድረስ ህይወት አግኝተናል ብሎ ነው የተከራከረው፣ አብዛኛው ሳይንቲስት ደሞ የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው ይላል። ሚሽን ስታነጻጽሩ ይሄን ታሪክ አትርሱት፣ አንድ መሳሪያ አዎ ብሎ ሌላው አይ ካለ ለ50 ዓመት ስትከራከሩ ትኖራላችሁ።

መጀመሪያ ይሄን ወስኑ፦ የሞተ ነው ምትፈልጉት ወይስ በህይወት ያለ?

ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከዚህ ነው ሚጀመረው። ከ3 እና 4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ማርስ ላይ ወንዝና ሐይቅ ነበር፣ በዛን ጊዜ የኖረ ነገር የተወውን ዱካ ምትፈልጉ ከሆነ ሸክላ አፈር ያለበት የጥንት ሐይቅ ወይ ደልታ ነው ምትሄዱት። ዛሬ፣ አሁን፣ በህይወት ያለ ነገር ከሆነ ምትፈልጉት ግን ውሃ ወይ በረዶ ያለበት ቦታ መሄድ አለባችሁ። ሁለቱ ቦታዎች አንድ አይደሉም። መሳሪያውም አንድ አይደለም፣ የንጽህና ደንቡም አንድ አይደለም። ሁለቱንም በአንዴ እሰራለሁ ሚል ሚሽን ካያችሁ ጠርጥሩ።

ፐርሲቪራንስ፦ ጥልቀት የለውም፣ አለቱ ግን ምርጥ ነው

የናሳው ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) ፐርሲቪራንስ በየካቲት 2021 ጄዜሮ ሚባል ሰፊ ጉድጓድ (ክሬተር) ውስጥ አረፈ፣ እዛ ጥንት ወንዝ ገብቶበት የነበረ ሐይቅ ነበር። ድሪሉ ሚያወጣው ናሙና ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውፍረቱ የጣት ያህል። በጨረሩ ሂሳብ ካያችሁት ይሄ ላዩን መጫር ነው። ግን በ2024 ቼያቫ ፎልስ የተባለ አለት አገኘ፣ አለቱ ላይ ዙሪያቸው ጠቆር ያሉ፣ መሃላቸው ነጣ ያሉ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ፣ የነብር ቆዳ ነው ሚመስሉት። ነጠብጣቦቹ ውስጥ ቪቪያናይትና ግሪጋይት ሚባሉ የብረት ማዕድናት ምልክት ታየ፣ አጠገባቸው ደሞ ኦርጋኒክ ካርበን አለ። ምድር ላይ እነዚህ ማዕድናት ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ብረትና ሰልፈር ተጠቅሞ ኃይል ሲያገኝ ሚፈጠሩ ናቸው፣ ያለ ህይወትም ግን ሊፈጠሩ ይችላሉ። ጥናቱ በመስከረም 2025 ሲወጣ ናሳ ያለው "ሊሆን የሚችል ባዮሲግኔቸር" (የህይወት ዱካ) ነው፣ ከዛ አላለፈም፣ ልክም ነው።

ይሄንን ጥያቄ ሚፈታው አለቱን ምድር አምጥቶ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ማየት ነው። ሮቨሩ ከ43 ቱቦዎቹ አብዛኛውን ሞልቷል፣ 10ሩን ስሪ ፎርክስ በተባለው ቦታ መሬት ላይ አስቀምጧል። ማን ያምጣቸው? በ2023 የገለልተኛ ባለሙያዎች ግምገማ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል አለ፣ በዛው እቅድ ከተሄደ ናሙናው ሚደርሰው በ2040 ነው ተባለ፣ ከዛ አማራጭ ሲፈለግ ቆይቶ ለ2026 የቀረበው የአሜሪካ መንግስት የበጀት ጥያቄ ጭራሽ ፕሮግራሙ ይሰረዝ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኗል ነገሩ። እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ ሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ዓለም ላይ እስካሁን ከተገኘው ሁሉ በጣም ተስፋ ሚጣልበት አለት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ማርስ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ እንደ አማራጭ ስመዝነው የቦታ ምርጫው በጣም አሪፍ ነው፣ ናሙናው በእጅ ነው ማለት ይቻላል፣ ጥልቀቱ ግን ደካማ ነው። ጨረር የደበደበው ቢሆንም ማዕድኑ አይጠፋም፣ ሚጠፋው ስስ የሆነው ሞለኪውል ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሌላው የናሳ ሮቨር ኪዩሪዮሲቲ ጌል ጉድጓድ ውስጥ በ2013 ከከምበርላንድ አለት በሰረሰረው ዱቄት ውስጥ እስከ 12 ካርበን ያላቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደነበሩ በ2025 ተዘግቧል፣ እና እሱም ሚሰረስረው 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ላዩ ላይ ሁሉም ነገር አልቋል ማለት አይደለም ማለት ነው። በቅርብ ጊዜ በንፋስ ተሸርሽሮ የተገለጠ አለት ካገኛችሁ፣ ጨረሩ ገና ብዙ ሳይጎዳው ትደርሱበታላችሁ።

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፦ 2 ሜትር

ይሄ የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ ሮቨር ነው፣ እና በትዕግስት ከሆነ ውድድሩ አንደኛ ነው። መጀመሪያ በ2018 ሊነሳ ነበር፣ ወደ 2020 ተገፋ፣ ፓራሹቱ አስቸገረና ወደ 2022 ሄደ፣ ሊነሳ ወራት ሲቀሩት ሩሲያ ዩክሬንን ወረረችና ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብር ተቋረጠ። ሮቨሩን ማርስ ላይ ሚያሳርፈው መሳሪያ የሩሲያ ስለነበር እንደ አዲስ መሰራት ነበረበት። አሁን እቅዱ በ2028 ተነስቶ በ2030 ኦክሲያ ፕላነም ሚባል ቦታ ማረፍ ነው፣ መንገዱ ረጅም የሆነው ትልልቆቹ የአቧራ ማዕበሎች ሚመጡበትን ወቅት አሳልፎ እንዲደርስ ነው።

አሰራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ምክንያቱም የዚህ ሚሽን ጥቅሙ ዝርዝሩ ላይ ነው ያለው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ብረት አይደለም ሚሸከመው፣ ዋናው መሰርሰሪያ ትንሽ ወረድ ካለ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሜትር ሚሆኑ ሶስት ዘንጎች አንድ በአንድ እየተቀጠሉለት ነው ሚወርደው። ጫፉ አጠገብ ትንሽዬ መስኮት አለች፣ በሷ በኩል ማ ሚስ ሚባለው መሳሪያ እየወረደ የጉድጓዱን ግድግዳ በብርሃን ያያል። ከመቆፈሩ በፊት ደሞ ዊዝደም ሚባል ራዳር ስር ያለውን ንጣፍ ያሳየዋል፣ ድንጋይ ይሁን ደለል ሳያውቅ አይጀምርም። ታች ሲደርስ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ናሙና ይቆርጣል፣ ዘንጎቹን መልሶ እየፈታ ይወጣል፣ ናሙናዋን ወደ ሮቨሩ ሆድ ያስገባታል፣ እዛ ተፈጭታ ዱቄት ትሆናለች፣ ዱቄቱን ነው መሳሪያዎቹ ተራ በተራ ሚያዩት።

ከመሳሪያዎቹ ውስጥ እኔ ልቤን ያሳረፈው ሞማ ነው። ሞማ ሁለት መንገድ አለው፣ አንዱ እንደ ቫይኪንግ ዱቄቱን ማሞቅ ነው፣ ሌላው በጣም አጭር በሆነ የሌዘር ምት ሞለኪውሉን ከዱቄቱ ላይ ማስነሳት ነው፣ ምቱ በጣም ፈጣን ስለሆነ ፐርክሎሬቱ ተበታትኖ ለማቃጠል ጊዜ አያገኝም። የ1976ቱ ችግር መልስ ተሰጠው ማለት ነው። ከዛ ደሞ የሞለኪውሎቹን እጅ ይለያል፣ ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ፣ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ሚሰራበት ሞለኪውል) እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ቅርጽ አለው፣ ህይወት የሌለው ኬሚስትሪ ሁለቱንም እኩል በእኩል ያክል ነው ሚሰራው፣ ምድር ላይ ያለ ህይወት ግን ግራውን ነው ሚጠቀመው። ከ2 ሜትር ስር በአንድ በኩል በደንብ ያደላ ነገር ቢወጣ ከነጠብጣብ ፎቶ በላይ ነው ሚያሳምነኝ።

ድክመቱስ? ኦክሲያ ፕላነም ያለው ሸክላ ወደ 4 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፣ ለጥንት ዱካ ድንቅ ነው፣ አሁን በህይወት ላለ ነገር ግን ቦታው አይደለም፣ ለማርስ ወገብ ቀረብ ያለ ደረቅ ሜዳ ነው። ኃይሉ ከሶላር ፓኔል ነው ሚመጣው፣ አቧራ ደሞ የናሳን ሮቨር ኦፖርቹኒቲን በ2018፣ የናሳን ላንደር ኢንሳይትን በ2022 ዝም ያሰኘ ነገር ነው። ላቡም ሆዱ ውስጥ የያዘው ብቻ ነው፣ አዲስ ጥያቄ ከመጣ አዲስ መሳሪያ ማምጣት አይቻልም።

ቲያንዌን 3፦ 2 ሜትር እና መልስ ጉዞ

ቻይና በ2028 አካባቢ ልታስነሳው ያሰበችው ሚሽን ነው፣ በሁለት ሮኬት ይነሳል፣ 2 ሜትር ይቆፍራል፣ ቢያንስ 500 ግራም ናሙና ይዞ በ2031 አካባቢ ምድር ይደርሳል ነው እቅዱ። በወረቀት ላይ ካየነው ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከላይ ያነሳኋቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያመጣቸዋል፣ ጨረር ካልደረሰበት ቦታ ናሙና ያወጣል፣ ያንን ደሞ ምድር ላይ ላለ ማንኛውም ላብ ይሰጣል። ምድር ላይ ከሆነ አንድ መሳሪያ ከጠረጠራችሁት ሌላ ትጠቀማላችሁ፣ አስር ላብ አንዱን ናሙና ተካፍሎ ይመረምራል፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሚፈጠር መሳሪያም ይደርስበታል። የጨረቃ አለቶች እስካሁን እየተጠኑ አይደል?

ችግሩ ቸኩሎ መምረጡ ነው። ፐርሲቪራንስ ዓመታት ወስዶ፣ ኪሎ ሜትሮች ነድቶ፣ ቦታ እየለየ ነው የሰበሰበው፣ ላንደር ግን ያረፈበትን ነው ሚቆፍረው። ያረፈበት ቦታ ጥሩ ካልሆነ 2 ሜትሩ ምንም አያደርግላችሁም። በድሮን ራቅ ካለ ቦታ ናሙና ለማምጣትም ታስቧል፣ እሱ ግን ከላይ ላዩ ነው ሚያነሳው።

በረዶው

አሁን ማንም ብዙ ማያነሳው ወዳልኩት ልምጣ። ፊኒክስ በግንቦት 2008 በ68 ዲግሪ ሰሜን አርፎ በክንዱ ሲቆፍር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስር ጠንካራ ነገር አገኘ። ጉድጓዱ ጥግ ላይ ነጫጭ ቁርጥራጮች ነበሩ፣ የዳይስ ያህል፣ በፎቶ ይታያሉ። ከ4 ቀን በኋላ በተነሳው ፎቶ ላይ የሉም። ጨው ቢሆን እዛው ይቀመጥ ነበር፣ ስለዚህ በረዶ ነው፣ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ሄደ ማለት ነው። እኔ ከማርስ ፎቶ ሁሉ እነዛን ሁለቱን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው ያን ያህል ቅርብ እንደሆነ በአይናችን ነው ያየነው። በኋላ ደሞ በ2018 በወጣ ጥናት ከምህዋር በተነሱ ፎቶዎች ላይ ገደል ሆነው የተገለጡ 8 ቦታዎች ታይተዋል፣ በረዶው ከ1 ወይ 2 ሜትር ስር ይጀምርና 100 ሜትርና ከዛ በላይ ይወርዳል።

ለምን ለህያው ነገር ጥሩ ሆነ? የማርስ ዘንግ አሁን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው ያጋደለው፣ ግን በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ በጣም ይዋዥቃል፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሚሄድበት ጊዜ አለ። ዘንጉ በደንብ ሲያጋድል የዋልታው በጋ ይሞቃል፣ ላዩ አጠገብ ያለው በረዶ ስስ የውሃ ሽፋን ሊያወጣ ይችላል፣ ጨዉም ውሃው በቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ያግዛል። በየመሃሉ ነቅቶ ተመልሶ ሚተኛ ማይክሮብ ካለ እዛ ነው ሚሆነው ሚለው ሀሳብ ለኔ በጣም ያሳምነኛል። የናሳው ሳይንቲስት ክሪስ ማኬይና ባልደረቦቹ አይስብሬከር በሚል ስም ፊኒክስ ወዳረፈበት አካባቢ 1 ሜትር ሚቆፍር ላንደር እንላክ ብለው ነበር፣ አልተመረጠም። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የፕላኔት ሳይንስ የአስር ዓመት እቅድ ደሞ ማርስ ላይፍ ኤክስፕሎረር ሚባል 2 ሜትር በረዶ ሚሰረስር፣ አሁን ያለ ህይወትን ሚፈልግ ሚሽን እንዲሰራ መክሯል። ወደ ግንባታ ግን አልገባም።

ድሪሉ በረዶ ላይ ሌላ ጣጣ አለበት። አለት ስትሰረስሩ ሙቀቱ ያን ያህል አያሳስብም፣ በረዶ ላይ ግን ዘንጉ ሲሞቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ይጠነክርና ዘንጉን እዛው ይዞ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው የአይስብሬከር ድሪል በአንዴ ዘው ብሎ ማይገባው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነክስና ይወጣል፣ ፍርፋሪውን ያራግፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይገባል። ቀርፋፋ ነው ግን ጎን ጥቅም አለው፣ እያንዳንዱ ንክሻ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ በትክክል ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ንጽህና ነው። በረዶ ያለበት ቦታ ከምድር ይዘን የሄድነው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ደንቡ በጣም ይጠብቃል፣ የፊኒክስ ክንድ ራሱ እስኪያርፍ ድረስ በልዩ መሸፈኛ ታሽጎ ነው የተጓዘው። ይሄ ወጪ ይጨምራል፣ ግን በኔ እይታ ሚገባው ወጪ ነው፣ የራሳችንን ባክቴሪያ ወስደን አገኘን ብንል ምኑ ላይ ነው ጥቅሙ።

ዋሻ

ይሄንን ባጭሩ ልለፈው። በ2007 ኦዲሲ መንኮራኩር በላካቸው ምስሎች አርሲያ ሞንስ እሳተ ገሞራ ጎን ላይ 7 ጥቁር ጉድጓዶች ታዩ፣ አፋቸው ከ100 ሜትር በላይ ነው፣ የላቫ ዋሻ ጣሪያ የተደረመሰባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ውስጡ ከጨረር የተከለለ ነው፣ ሙቀቱም ብዙ አይለዋወጥም፣ መቆፈርም አያስፈልግም። ሀሳቡ ያምራል። ግን እሳተ ገሞራው በጣም ከፍ ያለ ነው፣ እዛ ላይ ያለው አየር ደሞ የባሰ ስስ ነውና ፓራሹት አያሰራም፣ ዋሻው ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ሬዲዮም ግድግዳውን አልፎ አይወጣም። ኢንጀንዊቲ ሄሊኮፕተር 72 ጊዜ በመብረሩ መብረር እንደሚቻል አይተናል፣ ባለ አራት እግር ሮቦቶችም ካሊፎርኒያ የላቫ ዋሻ ውስጥ ተሞክረዋል፣ ማርስ ዋሻ ውስጥ የህይወት መመርመሪያ ይዞ ሚገባ ግን እስካሁን ጥናት እንጂ ሚሽን አይደለም። ለ2040ዎቹ ያዙት።

ጥልቁ ውሃ

ሰው ሁሉ ሚማረክበት ይሄ ነው፣ እኔም። በ2024 የወጣ ጥናት የኢንሳይትን የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ ተጠቅሞ ከ11.5 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ፈሳሽ ውሃ የሞላው አለት ቢኖር መረጃው ይገጥማል አለ። ምድር ላይ ደሞ ጥልቅ ህይወት እንዳለ እናውቃለን፣ ደቡብ አፍሪካ ወርቅ ማውጫ ውስጥ 2.8 ኪሎ ሜትር ስር ብቻውን ሚኖር ባክቴሪያ ተገኝቷል፣ ፀሐይ አያውቅም፣ አለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ውሃን ሲሰባብር ሚወጣውን ሃይድሮጅን ተጠቅሞ ነው ሚኖረው። ማርስ ላይም ውሃና ሬዲዮአክቲቭ ማዕድን ካለ ተመሳሳይ ነገር መኖሩ አይገርምም። ዛሬ በህይወት ያለ ነገር ሚኖርበት ቦታ የት ነው ብትሉኝ መልሴ ጥልቁ ነው።

ግን ማን ይደርሳል? ሰው ምድር ላይ የቆፈረው በጣም ጥልቁ ጉድጓድ፣ ሩሲያ ያለው ኮላ፣ 12,262 ሜትር ነው፣ በ1970 ተጀምሮ በ1989 ነው እዛ የደረሰው፣ ያውም ግዙፍ ማሽን ቆሞበት፣ መሐንዲሶች አጠገቡ እያሉ። ማርስ ላይ የተሞከረውን ደሞ አስታውሱ፣ ኢንሳይት ይዞት የሄደው የጀርመን መዶሻ መሳሪያ 5 ሜትር ሊወርድ ነበር፣ ርዝመቱ ራሱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አፈሩ ግን እየተጣበቀ ጉድጓዱ ዙሪያውን ክፍት ሆነበት፣ ሚይዘው ሲያጣ ባለበት ይነጥር ጀመር። ቡድኑ በላንደሩ ክንድ ከጎኑ ደግፎ፣ ከላይ ተጭኖ፣ አፈር ገፍቶ፣ ያልሞከሩት የለም፣ በጥር 2021 ሲቆም አናቱ ከላዩ የወረደው 2 ወይ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ይሄንን የምለው ቡድኑን ለመውቀስ አይደለም፣ የማርስ አፈር ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ከዚህ በላይ ያስተማረን የለም። 5 ሜትር ያቃተው 11 ኪሎ ሜትር ሊያስብ አይችልም።

በደቡብ ዋልታ 1.5 ኪሎ ሜትር በረዶ ስር ሐይቅ አለ የተባለውስ? ከምህዋር ሆኖ የመሬቱን ስር ሚያየው ማርሲስ ራዳር በ2018 ደማቅ ነጸብራቅ አየ፣ ብዙ ተወራ፣ ከዛ ሸክላም ሌላም ነገር ያንን ሊያሳይ ይችላል ሚሉ ጥናቶች መጡ፣ በ2025 ደሞ ሻራድ ሚባለው ሌላ ራዳር መንኮራኩሩን በጣም አዘንብሎ ሲያይ ያገኘው ምልክት ደካማ ነው፣ ውሃ ነው ሚለውን አይደግፍም። እኔ በዚህ ላይ አልወራረድም። ሐይቁ ቢኖር እንኳን ንጽህናው ያስፈራል፣ አንታርክቲካ ላይ ቮስቶክ ሐይቅ በየካቲት 2012 በ3,769 ሜትር ሲደረስ ጉድጓዱ በኬሮሲን ተሞልቶ ስለነበር የወጣው ናሙና ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ የሐይቁ፣ የትኛው የኬሮሲኑ እንደሆነ መለየት አስቸገረ። በቀጣዩ ዓመት ዊላንስ ሐይቅ ላይ የሄዱት ግን በተጣራና በአልትራቫዮሌት በታከመ ሙቅ ውሃ 800 ሜትር በረዶ ከፍተው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 130,000 ያህል ሴል አገኙ፣ ውጤታቸውንም ሰው አመነ። አስቡት፣ ምድር ላይ፣ በሰው እጅ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ካስፈለገ።

እና የቱን ልምረጥ?

የጥንት ዱካ ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ ከቅርብ ጊዜዎቹ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንን እመርጣለሁ፣ ቦታው ተጠንቷል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የፐርክሎሬቱን ችግር አስቦበታል። ቲያንዌን 3 ጥሩ ሸክላ ላይ ካረፈ ይበልጠዋል፣ ካልሆነ አይበልጠውም፣ ስለዚህ እሱን ለመመዘን ከድሪሉ በፊት ማረፊያ ቦታውን ነው ማየት ያለባችሁ። የፐርሲቪራንስን ቱቦዎች ማምጣት ደሞ ከአዲስ ሚሽን ጋር መወዳደር ያለበት አይመስለኝም፣ ትልቁ ስራ ተሰርቶ አልቋል፣ የቀረው ማምጣት ነው፣ ውድ ቢሆንም።

በህይወት ያለ ነገር ከሆነ ምትፈልጉት በረዶው ነው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ጥልቁ ይሻላል ምትሉ ትክክል ናችሁ ግን ማንደርስበት ቦታ ነው፣ በረዶው ግን አሁን ባለን ቴክኖሎጂ 1 ወይ 2 ሜትር ነው። ለአንድ ሚሽን ብቻ ገንዘብ ቢኖረኝና ሮዛሊንድ ፍራንክሊን መሄዷ የተረጋገጠ ከሆነ፣ ቀጣዩን ብር በረዶው ላይ ነው ማፈሰው፣ ምክንያቱም ከቫይኪንግ ወዲህ ማርስ ላይ "አሁን አለህ ወይ?" ብሎ በቀጥታ ጠይቆ መረጃ የላከ አንድም ሚሽን የለም፣ ይሄው 50 ዓመት።

ሌላ ሚሽን ሲታወጅ በራሳችሁ ለመመዘን ደሞ ሶስት ነገር ጠይቁ። ናሙናውን ስንት ነጻ መሳሪያ ነው ሚያየው? አንድ ከሆነ ቫይኪንግን አስታውሱ። ባዶ ናሙና ይዟል ወይ? ማለትም ማርስን ያልነካ፣ በዛው መንገድ አልፎ የራሳችን ቆሻሻ መኖር አለመኖሩን ሚያሳይ፣ ፐርሲቪራንስ ከ43ቱ ቱቦዎች 5ቱን ለዚህ ነው የመደበው፣ ሮዛሊንድም ባዶ ናሙና አላት። ሶስተኛው፣ ያለ ህይወት ሊፈጠር አይችልም ወይ ሚለው መልስ አግኝቷል? ናሳ ለዚህ ብሎ ሰባት ደረጃ ያለው መለኪያ በ2021 አውጥቷል፣ የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት መታየቱ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ኮንታሚኔሽን (ከምድር የሄደ ብክለት) አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ ሶስተኛው ህይወት በዛ አካባቢ ያንን ምልክት ሊፈጥር እንደሚችል ማሳየት፣ አራተኛው ያለ ህይወት እዛ ሊፈጠር አለመቻሉን ማሳየት፣ እያለ ይወጣል። ዜናው ብዙ ጊዜ ከአንደኛው ሰባተኛው ላይ ነው ሚዘለው። በ2030ዎቹ መጀመሪያ ከኦክሲያ ፕላነም "ኦርጋኒክ ተገኘ" ሚል ነገር ስትሰሙ፣ ከሱ በፊት ባዶው ናሙና ምን አሳየ ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዛ ከስንት ሴንቲ ሜትር እንደመጣ፣ ከዛ ግራና ቀኙ እኩል ነው ወይስ አድልቷል ሚለውን።